ዋጋው የአንዱ፣ ጉልበቱ የቡድኑ፦ የሚኒየቸር ጨዋታዎች ሚዛን ለምን ቶሎ ይናጋል?

በጁን 2024 አቶሚክ ማስ ጌምስ የተባለው ኩባንያ ለኤክስ-ዊንግ ጨዋታ ከእንግዲህ አዲስ ነገር እንደማይሠራ አስታወቀ። ኤክስ-ዊንግ በስታር ዋርስ ፊልሞች ዓለም ላይ የተመሠረተ የሚኒየቸር (የትናንሽ ቅርጾች) የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ገበያ ላይ ከዋለ 12 ዓመቱ ነበር። ለተጫዋቹ ከባዱ ነገር አዲስ መርከብ አለመምጣቱ ብቻ አይደለም። ያሉትን መርከቦች ማን ይተምናቸዋል የሚለው ጥያቄ ይብሳል። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ የመርከቦቹ ዋጋ (በገንዘብ ሳይሆን ቡድን ሲመሠረት በሚቆጠር ነጥብ) ካልታየና ካልተስተካከለ ጨዋታው ቀስ በቀስ ይበላሻልና።

በሌላ በኩል ከዘርፉ ትልቁ ጨዋታ፣ ዋርሃመር 40,000፣ በየጥቂት ወሩ አዲስ የዋጋ ዝርዝር ይወጣለታል። ዝርዝሩ በወጣ ቁጥር ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ "የኔን ጎራ ገደሉት" ይላል፤ የሚጫወትበትን ወገን ማለቱ ነው። ሌላው "የእነሱን ደግሞ ዝም አሉት" ይላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚንጠለጠለው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ የአሸናፊነት መጠን በሚባለው። ይህም አንድ ጎራ ከተጫወታቸው ግጥሚያዎች ስንቱን በመቶ እንዳሸነፈ የሚያሳይ ነው።

ቁጥሩ ከንቱ አይደለም። ግን የሚነግረን ትኩሳቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። የሚዛን መናጋት ዋናው ምንጭ የዋጋ አተማመኑ ራሱ ነው። ነጥብ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ነው። የቁራጩ ጉልበት ግን አብሮት በሚሰለፈውና ከፊቱ በሚቆመው ይወሰናል።

ለማያውቀው ሰው፣ ጨዋታው ምንድን ነው?

ሚኒየቸር ማለት ጠረጴዛ ላይ የሚሰለፍ ትንሽ ቅርጽ ነው። ወታደር፣ ታንክ፣ ጭራቅ ወይም የጠፈር መርከብ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ አንድ ጎራ ይመርጣል። ጎራው የራሱ ተዋጊዎች፣ የራሱ ደንቦችና የራሱ ባህርይ አለው። በኤክስ-ዊንግ ሁለተኛ እትም ሰባት ጎራዎች አሉ። በዋርሃመር 40,000 ደግሞ ከ20 በላይ ናቸው።

ቼዝ፣ ዳማና ገበጣ ላይ ሁለቱም ወገን የሚጀምረው በእኩል ነው። ልዩነቱ ማን ቀድሞ ይጀምር የሚለው ብቻ ነው። እዚህ ግን አንዱ ስምንት ደካማ መርከብ፣ ሌላው ሦስት ጠንካራ መርከብ ይዞ ሊቀርብ ይችላል። ሁለቱን እኩል የሚያደርጋቸው የነጥብ ጣሪያ ነው። በኤክስ-ዊንግ የመጀመሪያ እትም ጣሪያው 100 ነጥብ ነበር። በዋርሃመር የተለመደው የውድድር ጣሪያ 2,000 ነው። እያንዳንዱ ተዋጊ ዋጋ አለው። ከጣሪያው ሳታልፍ ቡድንህን ትመሠርታለህ። ይህን ማድረግ ቡድን ግንባታ ይባላል። ብዙ ተጫዋቾች ከጨዋታው ሰዓት በላይ የሚያጠፉት በዚህ ላይ ነው።

  

ስድስት ነጥብ ስንት ያወጣል?

የአተማመኑን ችግር ለማየት ከኤክስ-ዊንግ የመጀመሪያ እትም አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። የኢምፓየሩ ጎራ ርካሽ መርከብ ታይ ፋይተር ነው። በጣም ርካሹ አብራሪ፣ አካዳሚ ፓይለት፣ 12 ነጥብ ነው። ሃውልረነር የምትባለው ባለስም አብራሪ ያችኑ መርከብ ትነዳለች። ዋጋዋ 18 ነው። የስድስት ነጥብ ልዩነት ማለት ነው።

ልዩነቱ በዋናነት የሚከፈለው ለችሎታዋ ነው። አጠገቧ ያለ ሌላ የወገን መርከብ ሲተኩስ አንድ ዳይስ መልሶ መጣል ይችላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የማጥቂያ ዳይሱ ስምንት ገጽ አለው። አራቱ ምት ናቸው። ሁለቱ የዓይን ምልክት ያለባቸው ናቸው፤ ፎከስ የሚባለውን ቶከን የያዘ መርከብ እነዚህን ወደ ምት ይቀይራቸዋል። ሁለቱ ባዶ ናቸው። ስለዚህ ፎከስ ካለህ አንዱ ዳይስ ምት የመሆን ዕድሉ 75 በመቶ ነው። ታይ ፋይተር በሁለት ዳይስ ይተኩሳል፤ በአማካይ 1.5 ምት ማለት ነው። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ባዶ የመውጣት ዕድሉ 44 በመቶ ገደማ ነው። ያንን መልሰህ ስትጥል በአማካይ ሲሶ ምት ታተርፋለህ።

ሲሶ ምት ምንም አይመስልም። ግን ስድስት ታይ ፋይተር በዙሪያዋ ቢሰለፉ በአንድ ዙር ሁለት ምት ተጨመረ። ይህ አንድ ሙሉ ታይ ፋይተር በፎከስ ከሚያወጣው ይበልጣል። የተከፈለው ግን የአንድ ታይ ግማሽ ዋጋ ነው። ሁለት መርከብ ብቻ አጠገቧ ቢኖር ትርፉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ምት ይወርዳል። ብቻዋን ብትበር ዜሮ ነው።

እንግዲህ የሃውልረነር ትክክለኛ ዋጋ ስንት ነው? መልሱ "ከማን ጋር?" የሚል ነው። ዋጋዋ በሚታተምበት ካርድ ላይ ግን አንድ ቁጥር ብቻ መጻፍ ይቻላል። በጣም ለተመቻቸው ቡድን ብትተመን ሌላው ሁሉ አይነካትም። ለመካከለኛው ብትተመን የተመቻቸው ቡድን በርካሽ ያገኛታል። አምራቾች ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ካርዱ ሳጥን ውስጥ እንዲቀር አይፈልጉምና። ጎበዝ ቡድን ገንቢ የሚያድነውም ይህንኑ ክፍተት ነው።

ብዛትና ጥራት

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከመደመር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ስለ ጦር ኃይል አንድ ስሌት አቀረበ። ሁሉም ተዋጊ በሁሉም ላይ መተኮስ በሚችልበት ውጊያ የአንድ ወገን ጉልበት በብዛቱ ልክ አያድግም። በብዛቱ ስኩዌር ያድጋል እንጂ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው በቁጥር ሲቀመጥ ማለት ነው። ቁጥርህ እጥፍ ከሆነ ጉልበትህ አራት እጥፍ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ብዙ ከሆናችሁ ብዙ ትተኩሳላችሁ፤ በዚያ ላይ የጠላት እሳት ለብዙ ይከፋፈላል።

ወደ ነጥብ ስንመልሰው ውጤቱ ያስገርማል። ከሌላው አራት እጥፍ የሚሻል መርከብ (የተኩስ ኃይሉን በጽናቱ አባዝተህ) ሊያወጣ የሚገባው አራት እጥፍ ዋጋ አይደለም፤ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ዋጋ ከጥራት ጋር እኩል ከተራመደ ውድ መርከብ ሁልጊዜ ይከስራል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። ዳርት ቬደር የሚነዳውን ታይ አድቫንስድ እንይ። በመጀመሪያው እትም ርካሹ አብራሪው 21 ነጥብ ነበር። የተኩስ ዳይሱ ሁለት ነው፤ ከታይ ፋይተር ጋር እኩል። የመከላከያ ዳይሱም ያው ሦስት ነው። ልዩነቱ ሁለት ጋሻ መኖሩ ነው። ታይ ፋይተር ሦስት ጉዳት ችሎ ይፈነዳል፤ ታይ አድቫንስድ አምስት። ሚሳኤል መጫን መቻሉና ዒላማ መቆለፉም (አንድን ጠላት ለይቶ ማነጣጠሩ) ይጨመርለታል። አንድ ተጨማሪ ጋሻ በካርድ ሲገዛ 4 ነጥብ ነበር። ለሁለት ጋሻ ስምንት፣ ለቀረው አንድ ነጥብ ብትደምር ከ12 ተነስተህ 21 ትደርሳለህ። ድምሩ ትክክል ይመስላል።

በላንቸስተር መንገድ ግን ጽናቱ ከሦስት ወደ አምስት ሲያድግ ዋጋው የሚያድገው በ1.29 እጥፍ ነው። 12 በ1.29 ሲባዛ 15.5 ይመጣል። ሚሳኤሉንና የዒላማ ቆለፋውን አስበህ ትንሽ ብትጨምር 17 አካባቢ ትሆናለህ። የጨዋታው ታዋቂ ክፉ ሰው መርከብ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የቀረው በዚህ የአራት ነጥብ ትርፍ ዋጋ ነው። የያኔው አምራች በ2015 ማስተካከያ አወጣ። አዲስ ካርድ መጣ፤ በመርከቡ ላይ ለሚጫን አንድ የሲስተም ዕቃ ዋጋውን በ4 ነጥብ ይቀንሳል። በትክክል ያቺው አራት ነጥብ!

ስሌቱ ሻካራ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ሁሉም በሁሉም ላይ አይተኩስም። መርከብ የሚተኩሰው ወደ ፊቱ ነው። በመሀል የጠፈር አለቶች አሉ። ስምንት መርከብ አንድ ላይ ማንቀሳቀስ እርስ በርስ ያጋጫል። በቅርብ ርቀት ተኳሹ አንድ ዳይስ ይጨመርለታል፤ በሩቅ ደግሞ ተከላካዩ። ጎበዝ ተጫዋች ሦስት መርከብ ይዞ ስምንቱን የሚያሸንፈው የላንቸስተርን ቅድመ ሁኔታ በማፍረስ ነው። ሁለቱን ብቻ በሚያገኝበት ማዕዘን ገብቶ ሌሎቹ ዞረው ሳይደርሱ ይወጣል።

ቡድን ሲገነባ ምን ይታሰባል?

ከዚህ የምንረዳው ቡድን ግንባታ ጠንካራ ቁራጮችን መሰብሰብ እንዳልሆነ ነው። በኤክስ-ዊንግ ቋንቋ ሦስት ዓይነት ቡድኖች ጎልተው ይወጣሉ። መንጋው በብዛት ያሸንፋል። የኤሶች ቡድን ሁለት ሦስት ምርጥ አብራሪ ይዞ በእንቅስቃሴ ያሸንፋል። በመሀል አራት አምስት ጠንካራ መርከብ የሚያሰልፍ ቡድን አለ፤ ብዙ ድግምት የለውም፣ ግን በቀላሉ አይፈርስም።

ኤሶች የሚኖሩት በቅደም ተከተል ነው። በዚህ ጨዋታ የላቀ አብራሪ መጨረሻ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ መጀመሪያ ላይ ይተኩሳል። ጠላት የት እንዳረፈ አይቶ ቦታ ማስተካከል ትልቅ ሀብት ነው። ሁለት እኩል አብራሪዎች ቢገናኙስ? በቀድሞው ደንብ ከጣሪያው በታች የቀረው ተጫዋች ማን ይቅደም የሚለውን ይወስን ነበር። ስለዚህ ሰዎች ሆን ብለው ነጥብ ሳይጠቀሙ ይተዉ ጀመር። ይህ ቢድ ይባላል፤ እንደ ጨረታ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ምንም ላለመግዛት ይፎካከራሉ። በ2022 የመጣው የደንብ ለውጥ ይህን አስቀረው፤ ቅደም ተከተሉ በየዙሩ በዕጣ እንዲወሰን አደረገ። ለውጡ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዱ ወገን ባዶ ነጥብን ለዕጣ መቀየር እውቀትን መቅጣት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ አንድ ግጥሚያ ገና ሳይጀመር በሁለት ነጥብ ልዩነት ማለቁ ይብሳል ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ወገን ስለ በሽታው ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን ኤሶችን ከሚገባው በላይ ጎድቷል።

ሌላው የግንባታ ጥያቄ "ማንን እገጥማለሁ?" ነው። መንጋ በአንድ ጊዜ ብዙ መርከብ የሚጎዳ ቦምብ ይፈራል። ቦምብ ጣይ ኤሶችን መያዝ ያቅተዋል። ኤስ ደግሞ በተራው ማምለጫ ቦታ በሚዘጋ መንጋ ይጨነቃል። ዙሩ ጤናማ እስከሆነ ድረስ ማንም ለብቻው አይነግሥም። አንድ ቡድን ሁሉንም በእኩል መምታት ሲጀምር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ቅንብሩ ሲገጥም

በ2016 የደረሰው ይህ ነው። የወንበዴዎቹ ጎራ ጃምፕማስተር 5000 የተባለ መርከብ አገኘ። ርካሹ አብራሪ 25 ነጥብ ነው። ለዋጋው ብዙ ጉዳት ይችላል። ብዙ ዓይነት ዕቃ ይጭናል፤ ሁለት ቶርፔዶና አስትሮሜክ ሮቦትን ጨምሮ። ለቶርፔዶ የተለመደው ችግር መጀመሪያ ዒላማ መቆለፍ መጠየቁ ነው። አንድ የቆየ ካርድ ግን በፎከስ ብቻ እንዲተኮስ ይፈቅዳል። ሌላው ዕቃ ደግሞ ፎከስህን ስታጠፋ የዒላማ ቆለፋ ይሰጥሃል። እያንዳንዱ ካርድ ለብቻው ተራ ነበር። ሦስት ጃምፕማስተር ላይ ሲገጣጠሙ ግን ማንኛውም መርከብ በመጀመሪያው ተኩስ ሊጠፋ የሚችልበት ጨዋታ ተፈጠረ።

ችግሩ ዋጋው ካርዱ ላይ መታተሙ ነበር። በመላው ዓለም ቤት ውስጥ ያለን ካርቶን መሰብሰብ አይቻልም። ለአምራቹ የቀረው መንገድ የካርዶቹን ቃል በእርማት ሰነድ መቀየር ነበር። በተከታታይ እርማቶች በፎከስ መተኮስን የሚፈቅደውን ካርድ ለትናንሽ መርከቦች ብቻ ወሰነው፤ ከጃምፕማስተሩም ዕቃ የሚጫንበትን ቦታ ቀነሰ። አዲስ ተጫዋች ግን ሳጥኑን ገዝቶ ሲከፍት የሚያነበው አሮጌውን ቃል ነው።

ደካማውን ማጠናከርም ችግር ነበረው። ከላይ ያየነው የታይ አድቫንስድ ማስተካከያ ካርድ የወጣው 100 ዶላር ገደማ በሚያወጣ ትልቅ መርከብ ሳጥን ውስጥ ነው። ትንሿን መርከብ ገዝቶ ለነበረ ሰው ይህ ያስቆጣል። ቁጣውም ተገቢ ነበር።

በሴፕቴምበር 2018 የወጣው ሁለተኛ እትም ትምህርቱን ወሰደ። ዋጋው ከካርዱ ላይ ጠፋ። በመተግበሪያና በሰነድ ተለቀቀ፤ ጣሪያውም 200 ሆነ። አንድን ቁራጭ በአንድ ነጥብ ማስወደድ አሁን የአንድ ቀን ሥራ ነው። በ2022 ጣሪያው ወደ 20 ወረደ። እያንዳንዱ አብራሪ በዚያ ላይ ለዕቃ መግዣ የራሱ ነጥብ ተሰጠው። ቡድን መገንባት ለጀማሪ ቀለለ። ነገር ግን ከ200 አንድ ነጥብ ግማሽ በመቶ ነው፤ ከ20 አንድ ነጥብ አምስት በመቶ። የአብራሪውን ዋጋ በጥቂቱ መነካካት አልተቻለም። መርከብ ወይ ርካሽ ነው ወይ ውድ።

ዋርሃመርም ይህንኑ መንገድ ሄዷል። የኖቲንግሃሙ ጌምስ ወርክሾፕ በጁን 2023 አሥረኛውን እትም ሲያወጣ ኤልዳሪ የተባለው ጎራ ውድድሮችን ጠራርጎ ወሰደ። ሰበቡ እንደገና ቅንብር ነው። ጎራው በጨዋታው መጀመሪያ 12 ዳይስ ጥሎ ውጤቱን ያስቀምጣል። በኋላ በፈለገው ጊዜ አውጥቶ በጣለው ዳይስ ፋንታ ይጠቀምበታል። በዚያው እትም አንዳንድ መሣሪያዎች ለማቁሰል ስድስት ከወጣ የጠላትን ትጥቅ አልፎ የሚገባ ጉዳት ያደርሱ ነበር። ስድስት ላይ የተመሠረተ አደጋ፣ ስድስትን አስቀምጦ ከሚመጣ ጎራ ጋር ተገናኘ። በከባድ መሣሪያ የታጠቀው ግዙፉ ሬይዝናይት የዚህ ምልክት ሆነ። በቀጣዮቹ ወራት ነጥቡም ደንቡም ተቀየረ። ከዚያ በፊት በ2022 የሊግስ ኦፍ ቮታን ጎራ መጽሐፍ ገና በሰፊው ሳይሸጥ ዋጋው ተሰቅሏል።

45፣ 55 እና የቁጥሩ ወጥመድ

ጌምስ ወርክሾፕ የጎራዎች የአሸናፊነት መጠን ከ45 እስከ 55 በመቶ መሀል እንዲሆን እንደሚፈልግ በይፋ ተናግሯል። ምክንያታዊ ግብ ነው። አነባበቡ ላይ ግን ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው የግጥሚያ ብዛት ነው። ፍጹም ሚዛናዊ የሆነ ጎራ 40 ግጥሚያ ቢጫወት በዕድል ብቻ ውጤቱ ከ35 እስከ 65 በመቶ መሀል የትም ሊወድቅ ይችላል። ማለትም ሳምንታዊ ሠንጠረዥ ላይ 62 በመቶ ያየኸው ጎራ ምንም ላይኖርበት ይችላል። የዕድሉ ስፋት ወደ 45 እና 55 የሚጠበው ግጥሚያው 400 ሲደርስ ነው። ብዙ ሰው የሚጫወተው ጎራ ይህን ቶሎ ይሞላል። ጥቂት ታማኞች ብቻ ያሉት ጎራ ግን ለወራት አይሞላም። በየሳምንቱ ስለ እሱ የሚነሳው ጩኸት በአብዛኛው የዳይስ ጩኸት ነው።

ሁለተኛው ስውር ነው። አንድ ጎራ ሌሎችን ሁሉ 60 በመቶ ያሸንፋል እንበል። ከተጫዋቾቹ ግማሾቹ ወደ እሱ ከጎረፉ ግማሹ ግጥሚያው ከራሱ ጋር ይሆናል። ከራስ ጋር ግጥሚያ ሁልጊዜ 50 በመቶ ነው፤ አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋል። አማካዩ 55 ይመጣል። ሠንጠረዡ ላይ ጤነኛ ይመስላል። አዳራሹ ውስጥ ግን ከአራት ጠረጴዛ አንዱ ላይ ያው ጎራ ከራሱ ጋር እየተፋለመ ነው። ስለዚህ የአሸናፊነትን መጠን ከተሳታፊ ብዛት ነጥሎ ማየት አይገባም። የራስ በራስ ግጥሚያዎችም ከስሌቱ መውጣት አለባቸው።

ሦስተኛው የሰው ጉዳይ ነው። ለማሸነፍ የሚመጡ ጎበዞች ጠንካራውን ጎራ ይመርጣሉ፤ ቁጥሩን ከእውነቱ በላይ ይሰቅሉታል። በተቃራኒው ደካማ ጎራ ላይ የሚቀሩት ለዓመታት የሚያውቁት ናቸው። እነሱ ደግሞ ድክመቱን ይሸፍኑለታል። አዲስ ሰው ያንኑ ጎራ ይዞ ሲሸነፍ "ቁጥሩ እኮ ደህና ነው" ይባላል።

በዚህ ሁሉ ላይ ቁጥሩ የማይነካው ነገር አለ። አንድ ጎራ 50 በመቶ እያሸነፈ የሚሠራው አንድ ቡድን ብቻ ሊሆን ይችላል። የቀሩት ቅርጾች ሳጥን ውስጥ ናቸው። የጎራው ውስጣዊ ሚዛን ይባላል ይህ። እኔ ከውጫዊው ሚዛን የማይተናነስ ክብደት እሰጠዋለሁ። ሰው እኮ ሠንጠረዥ አይገዛም፤ ወዶት ቀለም ቀብቶ ያሳመረውን መርከብ ነው ማሰለፍ የሚፈልገው።

ቶሎ ቶሎ መቀየር ወይስ መታገስ?

ዋጋ በዲጂታል ከሆነ ለምን በየሳምንቱ አይስተካከልም? አንዳንዶች ይህን ይጠይቃሉ። የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ይሠራል። እዚህ ግን ዕቃው በእጅ የሚሠራ ነው። በዋርሃመር አንድ ቡድን ገዝቶ፣ ገጣጥሞና ቀብቶ ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ወጪውም በመቶዎች ዶላር ነው። ነጥብ ሲሰቀል 2,000 ላይ ያለቀ ቡድን በአንድ ሌሊት ከጣሪያው ያልፋል። ነጥብ ሲወርድ ደግሞ ክፍተቱን ለመሙላት ሌላ መግዛት አለ።

ይህ ሌላ ጥርጣሬ ያስነሳል። አምራቹ አዲሱን ዕቃ ሆን ብሎ ያጠነክራል፤ ሲሸጥ ያዳክመዋል የሚል። አንዳንድ አዲስ ዕቃዎች በእርግጥ ጠንክረው ወጥተዋል። ግን ደካማ ሆነው የወጡም ሞልተዋል፤ ያ ለሽያጭ የታሰበ ከሆነ ትርጉም አይሰጥም። ዋነኛው ምክንያት የቅንብር ብዛት ይመስለኛል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ካርዶች ያሉበት ጨዋታ ላይ አንድ አዲስ ካርድ ከነባሮቹ ሁሉ ጋር ይገናኛል። ጥቂት ሞካሪዎች በጥቂት ወር የማያገኙትን በሺዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በመጀመሪያው ሳምንት ያገኙታል። ያም ሆኖ አምራቹ ነጻ አይወጣም። ማስተካከያን በውድ ሳጥን ውስጥ የሸጠ ድርጅት ጥርጣሬውን ራሱ ዘርቶታል።

የሚሻለው አካሄድ የሚመስለኝ የታወቀ ጊዜ ያለው ለውጥ ነው። በየሦስትና አራት ወሩ ነጥብ፣ ከዚያ ረዘም ባለ ጊዜ ደንብ። ነጥብን መንካት ለተጫዋች ቀላል ነው፤ የሚለወጠው አንድ ቁጥር ነው። ደንብን መንካት ግን የተማረውን ያስረሳዋል። ይሁንና ችግሩ ከቅንብር ሲመጣ ነጥብ ብቻውን አይበቃም። ሬይዝናይትን ብታስወድደው የተቀመጡት ስድስቶች ሌላ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ቅንብር የሚፈታው መገናኛው ላይ ነው።

ባለቤት የሌለው ሚዛን

ኤክስ-ዊንግ ከ2024 በኋላ ያለበት ሁኔታ ከዚህ አንጻር ሲታይ ልዩ ነው። ነጥብ የማውጣቱን ሥራ በጎ ፈቃደኞች ተረከቡት። ግን አንድ ሆነው አልቆዩም። የ2018ቱን ደንብና የ200 ነጥቡን አሠራር ያስቀጠሉ አሉ፤ እነዚህ የጀመሩት ከ2022ቱ ለውጥ በኋላ ነው። ከ2022ቱ ደንብ ተነስተው የሚያስኬዱም አሉ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የሚሸጥ አዲስ ሳጥን ስለሌለ አንዱን መርከብ ለሽያጭ ብሎ የሚያጠነክር የለም። የተረሱ መርከቦች ዋጋቸው ወርዶ ወደ ጠረጴዛ መመለስ ይችላሉ። አዲስ ካርድ ከውጭ ካልመጣ የቅንብሩ ብዛትም አያድግም። በመርህ ደረጃ ሚዛኑ ከዓመት ዓመት ሊሻሻል ይገባዋል።

ጉዳቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ተጫዋቹ ለሁለት ሲከፈል የእያንዳንዱ ወገን ግጥሚያ ይቀንሳል። ከሰባቱ ጎራዎች ትንሹ 400 ግጥሚያ እስኪሞላ ምናልባት ዓመት ይወስዳል። ያኔ ነጥብ የሚያወጣው ሰው በሠንጠረዥ ሳይሆን በዓይኑና በልምዱ መፍረድ ይኖርበታል። የራሱን ተወዳጅ ጎራ የሚጫወት በጎ ፈቃደኛ ደግሞ መታማቱ አይቀርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያቱን ጽፎ ማውጣት ግዴታ ሊሆን ይገባል። "ሃውልረነር አንድ ነጥብ ጨመረች" ማለት አይበቃም። በየትኛው ቡድን ውስጥ፣ ከስንት መርከብ ጋር ሆና እንደታየች መነገር አለበት።

ለጊዜው በአንድ ከተማ ጨዋታውን መጀመር የሚፈልግ ሰው መርከብ ከመግዛቱ በፊት እዚያ ያሉትን ተጫዋቾች ሁለት ነገር ቢጠይቅ ከብዙ ወጪ ይድናል፤ በየትኛው ደንብ እንደሚጫወቱና የነጥብ ዝርዝራቸው የመቼ እንደሆነ።